የብር ሙሌት ሲወጣ የሚወጋው መርፌ፦ በሦስት ማደንዘዣዎች ላይ የተጻፈ ግምገማ

ከ30 ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከተሞሉልኝ አራት የብር ሙሌቶች ሦስቱን ባለፈው ዓመት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አስወጥቻለሁ፤ እናቴም ከእኔ ቀጥላ አንድ አስወጥታለች። የመጀመሪያው በአንድ ክሊኒክ፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ በሌላ ክሊኒክ ነው የወጡት። በእነዚህ አራት ቀጠሮዎች ሦስት ዓይነት ማደንዘዣ አይተናል፤ እነርሱም አድሬናሊን የተቀላቀለበት ሊዶኬይን፣ አድሬናሊን የተቀላቀለበት አርቲኬይን እና አድሬናሊን የሌለው ሜፒቫኬይን ናቸው። ክሊኒኮቹን በስም አልጠራም፤ የምገመግመው መድኃኒቶቹን፣ አወጋጋቸውን እና ሐኪሞቹ አንዱን ከሌላው የመረጡበትን መንገድ ነው። ሙሌት ለማስወጣት የሚያስብ ሰው ሙሌቱ ውስጥ ስላለው ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ ብዙ ይጠይቃል፤ ስለ መርፌው ግን «ያማል ወይ?» ከማለት አያልፍም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ የደረሰብኝ ነገርም ከዚህ የመጣ ነው።

በቅድሚያ ለምን እንዳስወጣሁ ልናገር። ብዙዎቻችን የብር ሙሌት የምንለው አማልጋም በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ባዜቃ ሲሆን፣ ቀሪው ብር፣ ቆርቆሮ እና መዳብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በስተቀር ይህን ሙሌት መጠቀምን ከጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለከለከለ፣ ጀርመን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ዜናውን በሰማች ማግስት ደውላ «አንቺ አሁንም አፍሽ ውስጥ ነው? ቶሎ አስወጪው እንጂ!» ብላ አስደነገጠችኝ። ክልከላው የሚመለከተው አዲስ መሙላትን ነው፤ አፍ ውስጥ ያለው ይውጣ አይልም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሴፕቴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡና የሚያጠቡ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ የነርቭ ሕመም ያለባቸው፣ ኩላሊታቸው የደከመ እና ባዜቃ የማይስማማቸው ሰዎች አዲስ አማልጋም ባይሞላላቸው እንደሚመረጥ ገልጿል። ደህና የሆነን ነባር ሙሌት ግን ለሕክምና አስፈላጊ ካልሆነ በስተቀር ማውጣትን አይመክርም፤ ሲወጣ የባዜቃው ትነት ለጊዜው ይጨምራል፣ ጤነኛ የጥርስ አካልም አብሮ ይቆረጣል። የእኔ ሦስቱ የወጡት አንዱ ስለተሰነጠቀ፣ አንዱ ከሥሩ አዲስ መቦርቦር ስለጀመረ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጠርዙ ተሸርፎ ምግብ ስለሚይዝ ነው። አራተኛውን የሁለተኛው ክሊኒክ ሐኪም መርምራ ደህና ነው፣ አልነካውም ብላኛለች፤ እኔም ተቀብያለሁ።

ማደንዘዣው ለዚህ ሥራ ከተራ ሙሌት የበለጠ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። አማልጋም ሲቆረጥ ትነቱን የሚያበዛው መሰርሰሪያው የሚፈጥረው ሙቀት ስለሆነ፣ ጥንቁቅ ሐኪም ብዙ ውኃ ያፈስሳል፣ በኃይለኛ መምጠጫ ትነቱንና ስብርባሪውን ይስባል፣ ሙሌቱንም አድቅቆ ከመፍጨት ይልቅ ዙሪያውን ቆርጦ በትልልቅ ቁራጭ ያነሣዋል። በጥርሱ ላይም ራበር ዳም የሚሉትን ቀጭን የላስቲክ ሽፋን ይወጥራል። ቀዝቃዛ ውኃ የተቦረቦረ ጥርስን እንዴት ሰቅስቆ እንደሚይዝ የቀመሰው ያውቀዋል። ጥርሱ በደንብ ካልደነዘዘ ታካሚው ይሸማቀቃል፣ እጁን ያነሣል፣ ልትፋ ይላል፤ ሐኪሙም ውኃውን ይቀንሳል፣ ደጋግሞ ያቆማል፣ ሽፋኑን ያላላል። እንዲህ ሲሆን በጥቂት ደቂቃ የሚያልቀው ቆረጣ ይራዘማል፤ ትነቱን ፈርቶ የመጣ ሰው ከሚፈራው ነገር ጋር የሚቆይበት ጊዜም አብሮ ይረዝማል። ሌላም ነገር አለ፤ ላስቲኩን የሚይዘው የብረት መቆንጠጫ ድድን ስለሚነክስ በጉንጭ በኩል ያለው ብቻ ሳይሆን የውስጠኛው ድድም መደንዘዝ አለበት። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀጠሮ የተወጋሁት በጉንጭ በኩል ብቻ ስለነበር መቆንጠጫው በላንቃዬ በኩል ሲይዘኝ እንባዬ ፈሰሰ።

ያ ቀጠሮ ለላይኛው ግራ ጥርሴ ነበር። እንግዳ መቀበያው ጋ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ የደም ግፊት እንዳለብኝና አምሎዲፒን እንደምወስድ ጽፌያለሁ፤ ያን ወረቀት ሐኪሙ ማየቱን ግን እጠራጠራለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ግፊቴ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም፣ የለካኝም የለም። ድዴን በሚያደነዝዝ ጄል ቀባና፣ ጄሉ እንዲይዝ አንድ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይጠብቅ ወጋኝ፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለውንም በጥቂት ሰከንዶች ገፍቶ ጨረሰው። ገና መርፌውን ከአፌ ሳያወጣ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ጣቶቼ ተንቀጠቀጡ፣ ግንባሬ ላብ ቸፈፍ አለበት፣ ትንፋሽ ያጠረኝም መሰለኝ። ምን እንደሆንኩ ስጠይቀው «አለርጂ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ለቀቀኝ፤ ሽፍታ አልወጣብኝም፣ ፊቴም አላበጠም። ጥርሴ ደንዝዞ ስለነበር ሥራው ተሠራ። ስወጣ ግን በመዝገቤ ላይ «ለሊዶኬይን አለርጂክ ናት» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ከመርፌው ይልቅ ብዙ ጣጣ ያመጣብኝ ይህ አንድ መስመር ነው።

ለሊዶኬይን የሚገባውን ልስጠው። ሰው እስከ ዛሬ የጥርስ ማደንዘዣን ሁሉ «ኖቮኬይን» ይላል፤ ነገር ግን ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ አይንሆርን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው ኖቮኬይን ዛሬ በጥርስ ሕክምና ቦታውን ለቋል። ቦታውን የወሰደው ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 እ.ኤ.አ. የሠራውና በ1948 ዛይሎኬይን ተብሎ ለገበያ የቀረበው ሊዶኬይን ነው። ኖቮኬይን ካለበት የመድኃኒት ቤተሰብ የተለየ በመሆኑ እውነተኛ አለርጂ የሚያስከትልበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በጥርስ ወንበር ላይ በብዛት የሚገኘው 2 በመቶ ሊዶኬይን ሲሆን፣ በውስጡም ከ100,000 እጅ አንድ እጅ አድሬናሊን አለበት። አድሬናሊኑ የአካባቢውን የደም ሥሮች አጥብቦ መድኃኒቱ ቶሎ እንዳይሄድ ያቆየዋል፤ ስለዚህ የጥርሱ ነርቭ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከንፈርና ጉንጭ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ደንዝዘው ይቆያሉ። ልቤን ያን ቀን ያስመታው እንግዲህ አድሬናሊኑ ነው። አድሬናሊን ሰውነታችን ራሱ ስንደነግጥ የሚያመነጨው ነገር ስለሆነ አለርጂ አይባልም፤ መርፌው የደም ሥር ካገኘ ወይም መድኃኒቱ ተጣድፎ ከተገፋ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባና ልብን ያስሮጣል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይጠፋል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሐኪም መርፌውን ካስገባ በኋላ መግፊያውን ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ ደም መምጣት አለመምጣቱን የሚያየው፤ ከዚያም አንዱን ብልቃጥ ሁለት ደቂቃ ገደማ ወስዶ በዝግታ የሚሰጠው። ለእኔ ሁለቱም አልተደረገልኝም። ስለዚህ በዚያ ቀጠሮ ላይ ያለኝ ቅሬታ በሊዶኬይን ላይ አይደለም፤ ሊዶኬይን ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ሁለተኛውን ክሊኒክ ያገኘሁት በሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ነው። ሐኪሟ ሐበሻ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። የመጀመሪያው ቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ በጥያቄ አለፈ። ግፊቴ ተለካ፤ 148 በ92 ነበር። 180 በ110 ቢደርስ ኖሮ ሥራውን ለሌላ ቀን እንደምታስተላልፈው ነገረችኝ። ከዚያም ልብዎን አሞዎት ያውቃል ወይ፣ አስም አለብዎ ወይ፣ ጉበትዎስ፣ ታይሮይድዎስ፣ ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ የትኛው መድኃኒት ምን አደረገዎት እያለች ጠየቀችኝ። ጫት ይቅማሉ ወይ ብላም ጠይቃኛለች። መጀመሪያ ላይ ይህ ጥያቄ ትንሽ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ስለሚያደርግ አድሬናሊን ከመወጋት በፊት መታወቅ እንዳለበት ስታስረዳኝ፣ የአገሯን ሰው አውቃ የጠየቀችው መሆኑ ገባኝ። ለሊዶኬይን አለርጂ አለብኝ ስላት መዝገቡን ወደ ጎን አደረገችና «የሆኑትን ይንገሩኝ እስቲ» አለችኝ። የልቤን አመታት፣ ሽፍታ አለመኖሩን፣ በስንት ደቂቃ እንደለቀቀኝ አንድ በአንድ ሰማችኝ። «አለርጂ አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ ሌላ ሰው የጻፈውን በግምት አልሰርዝም» ብላ ወደ አለርጂ ሐኪም ላከችኝ። እዚያ በቆዳዬ ላይ፣ ቀጥሎም ከቆዳዬ ሥር በጥቂት በጥቂቱ ተሞክሮ ምንም አልተገኘብኝም። ይህ ሁሉ ሦስት ሳምንት ወስዷል፤ በእኔ ግምት ግን የሦስት ሳምንቱ መዘግየት ተገቢ ነበር። ያ ጽሑፍ ባይጣራ ኖሮ ወደፊት ቁስል ልሰፋ ስሄድ እንኳ ሊዶኬይን ይከለከለኝ ነበር።

ከዚያ በታችኛው ቀኝ መንጋጋ ላይ ያለውን፣ ከአራቱ ትልቁን ሙሌት አወጣን። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከጥርሱ አጠገብ የሚወጋ መድኃኒት እንደ ላይኛው በቀላሉ ወደ ሥሩ አይሰርግም። ስለዚህ ከአፍ ኋላ፣ ነርቩ ወደ አጥንቱ ከሚገባበት ቦታ አጠገብ ይወጋል፤ ብሎክ የሚሉት ይህ ነው። ሐኪሟ ጄሉን ቀባችና በሰዓቷ ሁለት ደቂቃ ቆጠረች፤ ከዚያ ሊዶኬይኑን በዝግታ ሰጠችኝ፤ ልቤ ንቅንቅ አላለም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የታች ከንፈሬና የምላሴ ቀኝ ጎን ሙሉ በሙሉ ደነዘዙ። ይሁንና በረዶ የነካ ጥጥ ጥርሱ ላይ ስታስቀምጥ ቅዝቃዜው ተሰማኝ። ከንፈር ደነዘዘ ማለት ጥርስ ደነዘዘ ማለት እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ብሎክ እንዲህ የሚያመልጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ በመጀመሪያው ዓይነት እጅ ወድቄ ቢሆን ኖሮ ሕመሙን ያወቅሁት መሰርሰሪያው ከገባ በኋላ ነበር። እርሷ ግን ከመንጋጋው በጉንጭ በኩል ጥቂት አርቲኬይን ጨመረችልኝ። አምስት ደቂቃ ቆይታ በጥጡ ደግማ ስትሞክረው ምንም አልተሰማኝም።

«ለምን ከመጀመሪያው አርቲኬይኑን አልወጋሽኝም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። አርቲኬይን 4 በመቶ ሆኖ ስለሚዘጋጅ፣ በብሎክ መልክ ሲሰጥ ምላስና ከንፈር ለሳምንታት ወይም ከዚያም በላይ ደንዝዘው መቅረታቸውን የሚገልጹ ሪፖርቶች አሉ፤ ይህ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ብቻ ቢሆንም፣ ለብሎክ ሊዶኬይንን፣ ከጥርሱ አጠገብ ለሚወጋው ደግሞ አርቲኬይንን እንደምትመርጥ መለሰችልኝ። በዚህ ጉዳይ ሁሉም ሐኪም አንድ ሐሳብ እንደሌለው ሳትደብቅ ነግራኛለች። የሰጠችኝን አድሬናሊንም በወረቀት ላይ ደምራ አሳየችኝ፦ በ1.8 ሚሊ ሊትር የሊዶኬይን ብልቃጥ ውስጥ 18 ማይክሮግራም፣ ከ200,000 እጅ አንድ እጅ አድሬናሊን ባለው በ1.7 ሚሊ ሊትር የአርቲኬይን ብልቃጥ ውስጥ ደግሞ 8.5 ማይክሮግራም። ድምሩ 26.5 ነው፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው በተለምዶ የሚጠበቀው ጣሪያ 40 ማይክሮግራም ስለሆነ ለእኔ ለግፊት ታማሚዋ በቂ ክፍተት ነበረው። «ታዲያ አድሬናሊኑ ጭራሽ ቢቀርስ?» ስላት የሰጠችኝ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጥርሱ በቅጡ ሳይደነዝዝ ሕመም ቢሰማኝ፣ ሰውነቴ በድንጋጤ የሚያመነጨው አድሬናሊን ከብልቃጡ ሊበልጥ እንደሚችል ነው የነገረችኝ። ሙሌቱ በአራት ቁራጭ ወጣ። ቁራጮቹን በትንሽ ሳህን አድርጋ አሳየችኝ፤ የትልቁ ጎን ተሰንጥቆ እንደ እርሳስ ጠቁሯል፤ ይህን ያህል ነገር አፌ ውስጥ ተሸክሜ መኖሬ ገረመኝ።

ሦስተኛው ሙሌት የላይኛው ቀኝ መንጋጋ ላይ ነበር፤ እዚህ አርቲኬይን ብቻውን በቃ። በጀርመን ተሠርቶ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ሲሠራበት የቆየ፣ በአሜሪካ ግን በ2000 የተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ እዚህ ሴፕቶኬይን በሚለው ስም ይታወቃል። ከሦስቱ ፈጥኖ የያዘኝ እርሱ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጥርሱ ከነሥሩ ጸጥ አለ። መቆንጠጫው የሚያርፍበትን የላንቃ በኩል ድድም ለብቻው በጥቂት ጠብታ አደነዘዘችልኝ፤ ላንቃ ሲወጋ ያማል፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ያመመኝ እርሱ ነው፤ ግን እስከ አሥር ሳልቆጥር አለቀ። አርቲኬይን ከሊዶኬይን የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ አብዛኛው ክፍሉ ጉበትን ሳይጠብቅ ደም ውስጥ ስለሚፈራርስ ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ ጉበቱ የደከመ ሰው ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገርበት ጥሩ ነው። ጉድለቱ ለእኔ የጉንጬ ድንዛዜ መቆየቱ ነው። ሥራው በአንድ ሰዓት ያለቀ ቢሆንም ጉንጬ ወደ ራሱ እስኪመለስ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል፤ በስልክ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ያን ቀን ከሥራ ቀርቻለሁ።

ይህ ቀጠሮ የዋለው በዐቢይ ጾም ነበር። በሐበሻ ሰዓት ስምንት ተቀጥሬ እህል ውኃ ሳልቀምስ ነው የሄድኩት። ሐኪሟ ምን እንደበላሁ ስትጠይቀኝ እስከ ዘጠኝ እንደምጾም ነገርኳት። ብዙ ሰው መርፌ ስላለ ባዶ ሆድ መሄድ ያለበት ይመስለዋል። ሙሉ በሙሉ የሚያስተኛ ማደንዘዣ ካልሆነ በስተቀር እንዲያ አይደለም፤ ባዶ ሆድና ፍርሃት ሲገናኙ ሰው ወንበሩ ላይ ራሱን ይስታል። «ጾምዎንም አያፍርሱ፣ እኔም ባዶ ሆድዎን አልወጋዎትም» ብላ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል አዛወረችልኝ። ሽሮዬን በልቼ፣ የግፊት መድኃኒቴንም ውጬ ተመለስኩ። ስለ ክሊኒክ አገልግሎት ግምገማ ስጽፍ ይህን መዝለል አልችልም፤ ታካሚውን ከነአኗኗሩ አይቶ ቀጠሮ የሚያሸጋሽግ ቤት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

የእናቴ ጉዳይ የተለየ ነበር። 74 ዓመቷ ነው፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ለረጅም ጊዜ ፕሮፕራኖሎል ስትወስድ ኖራለች። ይህ መድኃኒት ከአድሬናሊን ጋር አይስማማም፤ የልብን አድሬናሊን ተቀባዮች ብቻ ሳይሆን የደም ሥርን የሚያሰፉትንም ስለሚዘጋ፣ አድሬናሊን ሲጨመርበት የደም ሥሮች ይጠብቡና ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ሐኪሟ የክኒኑን ብልቃጥ ከእናቴ ቦርሳ አስወጥታ ስሙን ካነበበች በኋላ፣ «እማማ፣ ለእርስዎ ሌላውን ነው የምሰጥዎ» አለቻትና አድሬናሊን የሌለውን 3 በመቶ ሜፒቫኬይን መረጠች። ይህ መድኃኒት እዚህ ካርቦኬይን በሚለው ስም የታወቀ ነው። አድሬናሊን ስለሌለበት እርሱን ከመበላሸት ለመጠበቅ የሚጨመረው ሰልፋይትም የለበትም። በዚህም ምክንያት ሰልፋይት ደረታቸውን ለሚያፍናቸው አንዳንድ የአስም ሕሙማን ይመረጣል። ሰልፋይት ሰልፋ ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ዝምድና የለውም፤ ሰልፋ የማይስማማው ሰው በዚህ ብቻ መፍራት አይገባውም።

የሜፒቫኬይን ጉድለት አጭርነቱ ነው። እንደ እናቴ በላይኛው ጥርስ አጠገብ ሲወጋ ነርቩን የሚይዘው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ነው፤ የድድ መድማትንም አይቀንስም። ስለዚህ ሐኪሟ መርፌውን ከማንሣቷ በፊት ሁሉን አዘጋጀች፤ ላስቲኩ ተቆርጦ፣ መምጠጫው ተሞክሮ፣ ነጩ ሙሌት በቀለም ተመርጦ ጠበቀ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሰዓት እመለከት ነበር። የእናቴ ሙሌት ትንሽ ስለነበር በስምንተኛው ደቂቃ ወጣ፤ አዲሱም ተሞልቶ በብርሃን ደረቀ። በ24ኛው ደቂቃ፣ ንክሻው ሲስተካከል፣ እናቴ ግንባሯን ቋጠር አደረገች፤ ትንሽ ቀዝቃዛ ነገር ተሰምቷት ነበር። ትልቅ ሙሌት ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ መደገም ነበረበት። በሌላ በኩል ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ከንፈሯ ተመልሶላት ቡናዋን ጠጥታለች። ለአዛውንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አፍ ደንዝዞ ትኩስ ነገር መጠጣት ማቃጠሉ ሳይታወቅ ያቆስላል፣ እንጀራ ሲያኝኩም የራስን ጉንጭ መንከስ አለ። እኔ ከብሎኩ በኋላ ይህን ሰምቼም አልታገሥ ብዬ ከንፈሬን ከውስጥ ነክሼ ለአንድ ሳምንት በርበሬ አልነካሁም።

አፍንጫ ላይ ጭንብል ተደርጎ የሚሰጠው ሳቂ ጋዝ፣ ማለትም ናይትረስ ኦክሳይድ፣ በሁለተኛው ክሊኒክ ቀርቦልኝ ነበር። ፍርሃትን ያበርዳል፤ የመርፌውን ሥራ ግን አይተካም፤ ክፍያውም ለብቻው ነበር፤ ስለዚህ አልወሰድኩትም። ጭንብሉ ራሱ ግን ጠቅሞኛል፤ ሙሌቱ በሚቆረጥበት ጊዜ በዚያው ጭንብል ንጹሕ ኦክሲጅን ስለተሰጠኝ የአፌን አካባቢ አየር በአፍንጫዬ ከመሳብ ድኛለሁ። ለመርፌው ግን በሁለቱም ክሊኒኮች ሒሳብ ላይ ለብቻው የተጻፈ ክፍያ አልነበረም።

ባዜቃን ሽሽት የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ኬሚካል የሌለው ማደንዘዣ» እንደሚጠይቁ ከሐኪሟ ሰምቻለሁ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ከአንዱ መርዝ ለመዳን የሄደ ሰው ሌላ እንዳይገባበት ይፈራል። በነዚህ ሦስት ብልቃጦች ውስጥ ባዜቃ የለም። አንዳንድ ሰው አለርጂ ይሆንበት የነበረው ሜቲልፓራቤን የሚባል መጠበቂያም ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ ከጥርስ ማደንዘዣ ብልቃጥ ወጥቷል። የሚቀረው አድሬናሊኑና ሰልፋይቱ ነው፤ እነርሱም የሌሉበት ብልቃጥ እንዳለ በእናቴ አይተነዋል። ጭራሽ ሳይወጉ ማስወጣትም ይቻላል፤ ነርቩ ለሞተ ጥርስ ወይም በጣም ጥልቀት ለሌለው ሙሌት እንደዚያ የሚደረግበት ጊዜ አለ። የእኔን የታች መንጋጋ ያለ መርፌ መንካት ግን ጭካኔ ይሆን ነበር።

ለራሴ እንደገና ብመርጥ ለላይኛው ጥርስ አርቲኬይንን፣ ለታችኛው መንጋጋ ሊዶኬይንን በብሎክ ከአርቲኬይን ድጋፍ ጋር እወስዳለሁ፤ ሁለቱም ሙሌቱ ከወጣ በኋላ አዲሱ እስኪሞላ ድረስ ሳይለቁ ይቆያሉና። ለእናቴ ደግሞ ሜፒቫኬይንን ያለ ማመንታት እደግመዋለሁ። ቀጠሮ የያዘ ሰው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነብልቃጣቸው ይዞ ይሂድ፤ ግፊቴን ሳትለኩ አትውጉኝ ይበል፤ ቀስ ተብሎ እንዲሰጠው፣ መሰርሰሪያው ከመግባቱ በፊትም ጥርሱ በቅዝቃዜ እንዲሞከር ይጠይቅ። ይህን ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጠቁር ሐኪም ቢገጥመኝ እኔ ከወንበሩ እነሣለሁ።

ለመጀመሪያው ክሊኒክ የአለርጂ ሐኪሙን ውጤት አያይዤ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልስ ለማግኘት ሁለት ጊዜ መደወል ነበረብኝ፤ በመጨረሻ ግን የተስተካከለውን የመዝገቤን ቅጂ በፖስታ ላኩልኝ። «ለሊዶኬይን አለርጂክ ናት» የሚለው ተሰርዞ፣ በቦታው «የደም ግፊት አለባት፤ አድሬናሊን ያለበት ማደንዘዣ በዝግታ ይሰጣት» ተብሎ ተጽፏል።